ካባላ ማለት ቅበላ ነው፦ የጀማሪዎች ጥያቄ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ዓርብ ነው። ሻባት፣ ሰንበታችን፣ ሳይገባ ቀርጬ መጨረስ አለብኝ፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ነው የማወራው። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብዬ 40 ደቂቃ አውርቻለሁ፣ አውቃለሁ። አታስታውሱኝ።

ስለ ካባላ አንድ ጊዜ ነካ አድርጌ ባልፍ ጥያቄ ጎረፈ። ከኔታንያ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን። እናቴ ሳትቀር ደወለች። «ልጄ፣ ይሄ ካባላ የምትለው ነገር ምንድን ነው? ኦሪት አልበቃ አለህ?» አለችኝ። የእሷን ጥያቄ ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ፤ እስከዚያ አትሂዱብኝ።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። ካባላ ዕብራይስጥ ነው። ቂቤል ከሚለው ግስ ነው የመጣው። ቂቤል ማለት ተቀበለ ማለት ነው። ቀ፣ በ፣ ለ። ሰማችሁት? የኛው ተቀበለ ነው እኮ! ሥሩ አንድ ነው። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብናመጣው ካባላ ማለት ቅበላ ነው።

እንግዲህ እኔ ጎንደር ነው ያደግኩት። ቅበላ ሲባል ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የሚሠሩት ዶሮ ነው ትዝ የሚለኝ። እኛ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ስለሆንን አንበላም፤ ሽታውን ግን አጥር አይከለክለውም። እዚህ እስራኤል መጥቼ አንድ መምህር «ካባላ» ሲሉ ከጆሮዬ በፊት አፍንጫዬ ነው የነቃው። እሳቸው ለማለት የፈለጉት ግን ከአባት ከአያት የተቀበልነው ትምህርት ነው። ይቺን «መቀበል» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ታሪኩን በሩጫ። ካባላ የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ነው። ዋናው መጽሐፍ ዞሃር ይባላል፤ ጸዳል እንደማለት። አብዛኛው በአራማይክ ነው የተጻፈው። ትውፊቱ የ2ኛው መቶ ዘመን ሰው የረቢ ሺሞን ባር ዮሐይ ነው ይላል። የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስፔን ከነበሩት ከሞሼ ደ ሌዮን ጋር ያያይዙታል። በዚህ መጣላት የፈለገ ኮሜንት ላይ ይጣላ፤ እኔ የለሁበትም።

በ1492 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) አይሁድ ከስፔን ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ባለው መቶ ዘመን ገሊላ ተራራ ላይ ያለችው ጽፋት የካባላ ከተማ ሆነች። እዚያ ረቢ ሞሼ ኮርዶቬሮ ነበሩ። ከዚያ ረቢ ይስሐቅ ሉሪያ መጡ። «አሪ» ይሏቸዋል፤ አንበሳ ማለት ነው። በ1570 ጽፋት ገቡ፣ በ1572 በወረርሽኝ አረፉ። ሁለት ዓመት! ዛሬ ካባላ ብለን የምንማረው አብዛኛው በነዚያ ሁለት ዓመታት ያስተማሩት ነው። ራሳቸው የጻፉት ጥቂት ነው፤ ደቀ መዝሙራቸው ሓዪም ቪታል ናቸው ጽፈው ያቆዩልን። ጽፋት ከሄዳችሁ መቃብራቸውን በቀለሙ ታውቁታላችሁ። ሰማያዊ ነው፣ ልክ የከተማዋ በሮች እንደተቀቡት።

አሁን ትምህርቱ። መሠረቱን ብቻ እየነካሁ እሮጣለሁ። ኤይን ሶፍ፦ መጨረሻ የሌለው፣ ፈጣሪ በራሱ፣ ምንም የማንለው። ጺምጹም፦ ለፍጥረት ቦታ እንዲኖር ኤይን ሶፍ ብርሃኑን ሰበሰበ። ታክሲ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አይደል የሚባለው? እዚህ ግን ጠጋ ያለው ባለቤቱ ራሱ ነው። ሰፊሮት፦ ብርሃኑ የሚወርድባቸው አሥር ደረጃዎች። ኬተር፣ ሖኽማ፣ ቢና፣ ሔሰድ፣ ግቩራ፣ ቲፈረት፣ ኔጻሕ፣ ሆድ፣ የሶድ፣ ማልኹት። ሆድ ስላችሁ ሆዳችሁን አትያዙ፤ በዕብራይስጥ ግርማ ማለት ነው። ቀጥሎ ሽቪራ፦ ብርሃኑን የያዙት ዕቃዎች ተሰበሩ። ከዚያ ቲኩን፦ ጥገና። አለቀ። በአንድ ትንፋሽ ካባላን ጨረስኳችሁ። ያልገባው ወደ ኋላ መልሶ ይስማው።

እሺ፣ ወደምወደው ክፍል እንምጣ። ትራንስፎርመር!

አትሳቁ። ከሕዳሴው ግድብ የሚወጣው ከፍተኛ መስመር 500 ኪሎ ቮልት ነው። አምስት መቶ ሺህ ቮልት ማለት ነው። እናንተ ቤት ያለው ምጣድ የሚፈልገው ስንት ነው? 220። አሁን አንዱ ጉልበተኛ ተነስቶ ያንን ሽቦ በቀጥታ ምጣዱ ላይ ይሰካ እንበል። እንጀራ የለም፣ ምጣድ የለም፣ ቤቱም የለም። ለምን? ኤሌክትሪኩ ክፉ ስለሆነ ነው? ያው ኤሌክትሪክ ነው እኮ። ምጣዱ አይችለውም፣ በቃ። ለዚህ ነው በመንገዱ ላይ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለው። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ የሰፈራችሁ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ቆጣሪያችሁ ጋ፤ ከዚያ ሶኬቱ ጋ። ሰፊሮት ማለት እነዚህ ናቸው። ማልኹት፣ አሥረኛዋ፣ ሶኬቷ ናት። እኛ የምናገኛት እሷን ነው።

በቃ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አላልፍም፤ ምክንያቱም ትራንስፎርመሩ ይፈነዳል!

ልጅ ሳለሁ በክረምት አንድ ማታ የሰፈራችን ፈነዳ። መጀመሪያ ዝዝዝዝ የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ድው! ፍንጣሪው በዝናቡ ውስጥ ዛፉ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ ጭቃው ላይ ወረደ። ከዚያ ጨለማ። ውሻው ሁሉ መጮኽ ጀመረ። አሪ የሚያስተምሩት ሽቪራ ይሄን ነው የሚመስለው። ብርሃኑ ወደ ዕቃዎቹ ፈሰሰ፤ ላይኞቹ ሦስቱ ቻሉት፤ ታችኞቹ ሰባቱ አልቻሉም፣ ተሰበሩ። ፍንጣሪው ከስብርባሪው ጋር ወደ ታች ወደቀ፣ ወደ ዓለማችን። የሰው ሥራ ደግሞ በትእዛዛቱ፣ በጸሎቱ፣ በምግባሩ ፍንጣሪውን እየለቀሙ መመለስ ነው። ይሄ ነው ቲኩን። በነጋታው ሰፈሩ ምን አደረገ መሰላችሁ? አንዷ እናት መዝገብ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች፤ ለጥገና አዋጡ እያለች። ድሃውም ሀብታሙም ሰጠ። እኔ ቲኩን የሚለውን ቃል ስሰማ የማየው የዚያችን ሴት ደብተር ነው።

ምሳሌው ልኩ አለው። ግድብ ዝናብ ሲጠፋ ውኃው ይቀንሳል፤ ኤይን ሶፍ አይቀንስም። እሺ። ይበቃል። ካልከለከላችሁኝ ስለ ቆጣሪ ካርድም አወራለሁ።

(እዚህ ጋ፦ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። ነፃ ነው። ነፃ የሚለውን ያዙ፣ አሁን የማወራው ስለ ገንዘብ ነው።)

ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ አንድ ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ የደብተራ አስማት አይደለም ወይ?» አንዱ «ጥንቆላ ነው፣ ውጣ» ይለኛል። ሌላዋ «ቀዩን ክር ከየት ልግዛ?» ትላለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ ሳቄ መጣ። አንዱ የሚሸሸውን ሌላዋ ልትገዛው ነው።

በግልጽ ልናገር። አስማት የሚባል ነገር በካባላ ዙሪያ ፈጽሞ አልነበረም ብላችሁ ዋሽቼ ነው። «ካባላ ማዓሲት» ይሉታል፤ የተግባር ካባላ። የመላእክትና የአምላክ ስሞች ብራና ላይ ተጽፈው አንገት ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ቀሜዓ ይባላል። የኛን አገር ክታብ ያየ ሰው አይደንቀውም። ግን ትልልቆቹ መምህራን ራሳቸው ምን አሉ? አሪ ተማሪዎቻቸውን ከዚህ ራቁ ብለዋል። ምክንያታቸውም ቅዱስ ስም ለመጠቀም የሚያበቃው ንጽሕና በዘመናችን የለም የሚል ነው፤ ሰው የሚነጻበት የቀይ ጊደር አመድ የለንምና። ኦሪት ዘኍልቍ 19ን ተመልከቱ። እናም አስማት ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ባለቤቶቹ ራሳቸው በሩን ዘግተውታል።

ቀዩ ክር ደግሞ! ዘፋኟ ማዶና እጇ ላይ ካሰረችው ወዲህ ካባላ ማለት ክር ሆነ። «እንደ ማተብ ነው?» ትሉኛላችሁ። ማተብ የሃይማኖት ምልክት ነው፤ ክሩ ለቡዳ፣ ለዓይን ነው የሚታሰረው። ቤተ ልሔም መንገድ ላይ በእናታችን ራሔል መቃብር ዙሪያ ተጠምጥሞ የሚመጣ ልማድ አለ፣ የቆየ ነው። ግን ቶሴፍታ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ጣት ላይ ቀይ ክር ማሰርን የአሞራውያን ልማድ ነው ብሎ ይከለክላል። ይሄን ሳላውቅ ከአንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ክርና «የተባረከ» ውኃ በ120 ሼክል ገዝቻለሁ። ክሩ ዕቃ ሳጥብ በሳምንቱ ተበጠሰ። ውኃውን ጠጣሁት። ውኃ ውኃ ይላል።

ኡፍ። ሰዓቱን አያችሁት? ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ።

«40 ዓመት ሳይሞላኝ መማር ይፈቀዳል?» ይቺ ከየት መጣች መሰላችሁ? ሻብታይ ጽቪ የሚባል ሰው በ1665 መሲሕ ነኝ ብሎ ተነሣ። የካባላን ቋንቋ እየጠቀሰ ስንቱን አስከተለ። በዓመቱ፣ በ1666፣ የቱርኩ ሱልጣን ፊት ቀርቦ ሰለመ። ሕዝቡ ቤቱን ሸጦ ጠብቆት ነበር። ያ ቁስል ሳይሽር ሌላ ተመሳሳይ መጣ። ስለዚህ በ1756 ብሮዲ ከተማ የተሰበሰቡ ረቢዎች ዞሃር ከ30፣ የአሪ ጽሑፍ ከ40 ዓመት በፊት አይነበብም ብለው ወሰኑ። የተቃጠለ ሰው ውሳኔ ነው፤ እኔ እረዳቸዋለሁ። ግን አሪ ራሳቸው ሲያርፉ 38 ዓመታቸው ነበር! በቁጥሩ ብንሄድ የራሳቸውን ትምህርት ማንበብ አይፈቀድላቸውም። በኔ አስተያየት ከዕድሜው ይልቅ ኦሪቱን ሳያውቁ ዞሃር መክፈት ነው የሚጎዳው። ዞሃር የኦሪት ትርጓሜ ነው። ጥቅሱን ካላወቅክ ትርጓሜው ምን ያደርግልሃል?

«ከምን ልጀምር?» ከሳምንቱ ፓራሻ፣ በየሰንበቱ ከሚነበበው የኦሪት ክፍል። ከዚያ ኮርዶቬሮ የጻፏት «ቶሜር ድቮራ» የምትባል ትንሽ መጽሐፍ አለች፤ አሥር ምዕራፍ ብቻ። ሰፊሮቱን ወደ ጠባይ ታወርዳቸዋለች፤ ታጋሽ ሁን፣ የበደለህን ቻል፣ እንዲህ እንዲህ እያለች።

«መንፈሳዊ ዕድገት በተግባር ምን ይመስላል?» ዖሜር መቁጠር ሞክሩ። ከፋሲካ እስከ ሻቩዖት፣ እስከ ሳምንታት በዓል፣ 49 ቀን ነው፤ ሰባት ሳምንት፣ ለታችኞቹ ሰባት ሰፊሮት። እያንዳንዱ ቀን የሁለቱ ጥምር ነው። የመጀመሪያው ቀን ሔሰድ በሔሰድ፦ ቸርነት በቸርነት። አማቼ መኪና አውሰኝ አለኝ፤ በደስታ ሰጠሁት። ሁለተኛው ቀን ግቩራ በሔሰድ፦ ልክ ያለው ቸርነት። አማቼ ለሳምንት ልያዘው አለኝ። እምቢ አልኩት። እስካሁን «የካባላህ ነገር» ይለኛል።

በሉ፣ የእናቴ ጥያቄ። ኦሪት አልበቃህም? እውነቷን ነው። እኛ ቤተ እስራኤል ዞሃር አልነበረንም፣ ታልሙድም አልነበረንም። በግእዝ ኦሪት፣ ቄሶቻችን፣ መነኮሳቶቻችን ነበሩን። አንድ ነገር ግን ነገርኳት። የጽፋት ካባሊስቶች ዓርብ ማታ ነጭ ለብሰው ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር፤ ሰንበት ሙሽራ ናት፣ ንግሥት ናት እያሉ። ረቢ ሽሎሞ አልካቤጽ ለዚያ የጻፉት መዝሙር ዛሬም በየምኵራቡ ይዘመራል፤ መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ይዞራል። በኛ «ትእዛዘ ሰንበት» በሚባለው መጽሐፍ ውስጥም ሰንበት ሴት ናት፤ ፈጣሪ ፊት ቆማ ትማልዳለች። ጎንደርና ጽፋት ሳይተዋወቁ!

እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እና ይሄ ምኑ አዲስ ነው? እኛም እሳቱን አጥፍተን፣ ታጥበን፣ ነጭ ለብሰን እንቀበላት ነበር እኮ» አለች።

እንቀበላት ነበር! የዓርብ ማታው ጸሎት ስሙ ካባላት ሻባት ነው፤ ሰንበትን መቀበል። ይሄን ስነግራት «ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትለኝም?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ፀሐይዋ እየሄደች ነው፣ ነጭ ልብሴም ገና አልተተኮሰም። መብራቱን ላጥፋ። ሻባት ሻሎም።