ለቤቱስ ማን ይደርሳል?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን አባላት፣ እንዲሁም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርተናችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተከራይ ልጆቻችን፤ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ድንኳኑ አምና ያያችሁት ቀዳዳ አሁንም አለው። ካፊያ ቢጥል ወደ መሀል ጠጋ ጠጋ በሉ።

የገንዘቡን ነገር ገንዘብ ያዡ ያቀርባል፤ ስንት ድስት እንደጠፋም ንብረት ክፍሉ ይነግራችኋል። ያለኝን ጊዜ የምጠቀምበት ስለ ቤት ለመናገር ነው።

እጨጌ ቤት የሚለውን የሰፈራችንን ስም ልጆቻችን የታክሲ ፌርማታ አድርገው ነው የሚያውቁት። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ የመነኮሳቱ አለቃ እጨጌው የተቀመጡበት ሰፈር ነው። የተጠጋ ሰው የማይነካበት ቦታ ነበር። በዘመነ መሳፍንት ጦር መጣ ሲባል የከተማው ሰው ልብሱንና እህሉን ተሸክሞ ወደዚህ ይሮጥ ነበር። ከዚያ አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ከተማዋን አቃጠሉ፤ በ1880 ደግሞ ደርቡሽ ገብቶ ደገመው። ስለዚህ አስጎብኚ ፈረንጅ ይዞ በደጃችሁ ሲያልፍ «ይህ ቤት የፋሲል ዘመን ነው» ካለ አትከራከሩት፤ እንጀራው ነው። እናንተ ግን እወቁ፤ የእኔ ቤት መሠረቱ የድሮ ነው፣ ግድግዳው ከእሳቱ በኋላ የተነሣ ነው፣ ቆርቆሮው ደግሞ አባቴ ሣሩን አንሥተው ያለበሱት ነው። አንድ ቤት ሦስት ዘመን ለብሶ ይኖራል።

አሠራሩን ግን አንርሳ። ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ኖራ፣ የጥድና የወይራ እንጨት። ታች እህልና ከብት፣ ላይ ደርብ። ይህን ጥበብ ለዚች ከተማ ካስረከቡት መካከል ቤተ እስራኤል ግንበኞች ዋነኞቹ ናቸው፤ ልጆቻቸው ዛሬ እስራኤል አገር ናቸው፣ እጃቸው ግን እዚህ ግድግዳው ላይ አለ። ኖራ ይተነፍሳል፤ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል። ሲሚንቶ አፉን ይዘጋዋል። ውሃው ውስጥ ይቀርና ድንጋዩ ከውስጥ እንደ በሰበሰ ጥርስ ይፈረፈራል። በፋሲል ግንብ ግቢ ጣሊያን የለጠፈውን ሲሚንቶ በኋላ የጠገኑት ባለሙያዎች እየፈነቀሉ በኖራ የተኩት በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ግን ከአሜሪካ ልጃችን ብር ሲልክ የመጀመሪያው ግዢያችን ምንድን ነው? ሲሚንቶ። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ጓዳዬን መጥታችሁ እዩት፣ በነሐሴ ያልበዋል።

ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ። ብዙ ወሬ የሚሰማው በእነሱ ላይ ነውና።

የጤና ኮሌጁ በ1947 ሲከፈት ደምቢያን ወባ ጠራርጎት ገና ማግሥቱ ነበር። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው ሳኒታሪያን ሦስቱ አንድ ላይ እየሠለጠኑ አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ልጅ ሳለሁ ሳኒታሪያን ተማሪዎች ለልምምድ ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። አንዱ እኛ ግቢ ገባና ሰላምታውን ሳይጨርስ ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ ከሽንት ቤታችን እስከ ጉድጓድ ውሃችን መለካት ጀመረ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ምነው ልጄ፣ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤና ነው ወይስ ሽንት ቤት?» አለችው። ልጁ «እሱም ጤና ነው እማማ» አላት። ያን ክረምት አባቴ አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ እኔም አድጌ ያንኑ ሲባጎ ያዝሁ። ስለዚህ ስለ ተማሪ ክፉ ስትናገሩ ከእኔ ድጋፍ አትጠብቁ።

ኮሌጁ በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲል እያለ ግቢው በዛ። መደበኛው ተማሪ እዚያው ዶርም ያድራል። እኛ ጋ የሚከራዩት የክረምት ተማሪ የሆኑ መምህራን፣ የማታና የቅዳሜ እሑድ ተማሪዎች፣ ኢንተርኖች፣ ደመወዙ ለኮንዶሚኒየም ያልደረሰ ወጣት ሌክቸረር፣ ከግል ኮሌጅ የመጡም ናቸው። እውነቱን እንነጋገር፤ በዚህ ሰፈር ብዙ ጣሪያ የቆመው በእነሱ ኪራይ ነው። የምርቃት ሰሞን ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ወላጅ ሆቴል አጥቶ በየግቢያችን ያድራል፤ ጠላው፣ ዶሮው፣ እልልታው ለእኛም ይተርፋል።

ሌሊት ሙዚቃ ይከፍታሉ ይባላል። ይከፍታሉ። ጫትም ይቅማሉ የሚል ቅሬታ ቀርቦልኛል፤ ይህን ካቀረቡት አንዱ ማን እንደሆነ ብናገር ትስቃላችሁ። ግን ደርቡን በችፑድ ከፍሎ አራት ክፍል ያደረገው ተማሪ አይደለም። ለሁለት ቤተሰብ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ዘጠኝ ሰው ያሳደረው፣ በአጥሩ ጥግ ሰርቪስ ደርድሮ የዝናቡን መውረጃ ወደ ጎረቤት መሠረት ያዞረው፣ እሱም ተማሪ አይደለም። የአንገረብ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቤት ማከራየት ማለት ሮቶና ጉድጓድ ማዘጋጀት ማለት ነው። ይህን የምላችሁ በሙያዬ ነው።

አሁን ዋናው ነገሬ።

ከመካከላችን አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁና ስም አልጠራም። የሚኖሩበት ደርብ ቤት ትርፍ ቤትን ከወረሰው ከሐምሌ 1967ቱ አዋጅ በኋላ የቀበሌ ሆነ። በወር የሚከፍሉት ጥቂት ብር ነው፤ ለዚያም ያመሰግናሉ። ቆርቆሮው አንድ ጥግ ላይ ተበሳና ለቀበሌ አመለከቱ። በጀት የለም ተባሉ። በራሴ ልጠግን ቢሉ፣ ቤቱ የቆየ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይነካም ተባሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገን ማለቱ ልክ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ሁላችንም በሲሚንቶ ጨርሰነው ነበር። ፈቃድ ሊጠይቁ ሄዱ። «ባለቤቱ ያመልክት» አሏቸው። ባለቤቱ ማነው? ቀበሌ። እንዲህ ሦስት ክረምት ዞሩ። ግንቡ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በ1972 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ለእነሱ ባለሙያም ብርም ይመጣል። የእኚህ እናት ቤት ግን እንዳይነኩት ብቻ ቅርስ ነው፤ እንዲጠገን ሲሆን ተራ ቤት ነው።

ባለፈው ነሐሴ የኋላው ግድግዳ ወረደ። ቀን መሆኑ፣ እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን መሆናቸው አተረፋቸው። ደርሰን ስናይ አልጋው፣ ሳጥኑ፣ የባለቤታቸው ፎቶ ዝናብ ላይ ተሰጥቷል። ከእኛ ወጣቶች አንዱ ማንንም ሳይጠይቅ ሮጦ የእድሩን ድንኳን አመጣና ተከልንበት። ንብረት ክፍሉ «ለቅሶ የለም እኮ፣ በምን ብዬ ልመዝግብ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መዝገቡ ላይ ዛሬም ያ መስመር ባዶ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ አንዲት ተከራይ ተማሪ አባቷ እንደሞቱ በስልክ ሰማች። አገሯ ሩቅ ነው፣ መንገዱም የሚያስኬድ አልነበረም። ሌሊት ጩኸቷን ሰማን። ሲነጋ ኮሚቴ ተጠራ፦ አባል ያልሆነች ሰው፣ አስከሬኑ እዚህ የሌለ፣ ድንኳን ይተከላል አይተከልም? ስንከራከር ረፈደ። ወጥተን ስናይ ሴቶቻችን በግቢዋ ጀበና ጥደዋል፣ ንፍሮ ቀቅለዋል፣ ልጅቷን መሀል አስቀምጠው ያስለቅሷታል። አንዷ ቀና ብላ «ጨረሳችሁ?» አለችን። አፈርን። ጥንት የተጠጋውን ሁሉ ያስጠጋ ሰፈር በአንዲት ልጅ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዘ።

በእነዚህ በሁለቱ ቀናት ምክንያት ኮሚቴው የደንብ ማሻሻያ አቅርቧል። ተከራይ በግማሽ መዋጮ ይመዝገብ፤ ለሱም ለወላጆቹም እንደርሳለን፤ እሱም ድንኳን ተሸክሞ ይደርስልናል። የጥገና ተብሎ አንድ ሣጥን ይከፈት፤ ከየአባሉ መዋጮ ጥቂት፣ የሚያከራይ ደግሞ ከኪራዩ ጨመር አድርጎ። ብሩ ቆርቆሮ ሳይበሳ ለሚስማር፣ ግድግዳ ሳያዘም ለኖራ ይሆናል። ኖራውን በአንድ ጉድጓድ በጋራ እናብላላዋለን፤ አሠራሩን የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች አሉን፣ እነሱ ሳያልፉ ልጆቹ ይማሩ። የፈቃዱን ደብዳቤ አንድ አሮጊት ብቻዋን ተሸክማ እንዳትዞር በእድሩ ማኅተም እናመልክት። ቢሮው አሁንም ያመላልሰናል፤ ግን መቶ ሰው ሲመላለስ መልስ ይፈጥናል ብዬ አስባለሁ።

«እድር የሙት ነው፣ የቤት አይደለም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከኮሚቴውም ውስጥ አሉ። ደንባችን ሲጻፍ የነበሩት አባቶች ያሰቡት ሞትን ነው፤ ቤቱ እንደማይሞት ቆጥረውት ነበር። ክርክሩን ከምሳ በፊት እናድርገው፤ ከምሳ በኋላ እናንተ ሁሉን ታጸድቃላችሁ።

ከስብሰባው በኋላ ቡናው ግድግዳቸው በወረደው እናት ዘንድ ነው፤ የፊቱ ክፍል ደህና ነው፣ ራሳቸው ይምጡ ብለዋል። የእንጨቱ ደረጃ ሦስተኛው እርከን ይወዛወዛልና ግራ ግራውን ይዛችሁ ውጡ፤ አምስት አምስት ሆናችሁ እንጂ አንድ ላይ አትውጡ። አሁን ጸሐፊው ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ያንብብልን።