እኛ አገርስ አለ?

እሺ። እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው የጀመርኩትን የጎረቤታችንን ወሬ ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። እሱ ይቆየን። ከኪዊናው ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን፣ አንድ ቃል ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰነቀረ ቀረ።

ልጄን ሻለቃን ታውቋታላችሁ። መኪና ውስጥ ዘፈን የምትመርጠው እሷ፣ የት እንደምንቆም የምትወስነውም እሷ። ከሚኒያፖሊስ ስድስት ሰዓት ተኩል ነዳን። ኪዊናው ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ ዘልቃ የገባች የሚሺጋን ባሕረ ገብ መሬት ናት። ድንጋይ መልቀም የሚፈቀድበት ቦታ ወሰድኳት። ከድሮ የመዳብ ጉድጓድ የወጣ ትራፊ ድንጋይ ነው፣ ጉብታ አክሎ ተከምሯል።

ቁጢጥ ብላ ስትቆፍር ቆየችና «አባዬ» አለች። እጇን ዘረጋች። የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታክል ነገር። አፈሩን በጃኬቴ እጅጌ ጠረግኩት። ግማሹ ቀይ፣ መዳብ። ግማሹ ነጭ፣ ብር። ጎን ለጎን ተጣብቀዋል፣ ድንበራቸው በዓይን ይለያል።

አራት ኪሎ ተማሪ ሆኜ በሥዕል ብቻ ያየሁት ነገር ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። መዳብና ብር አብረው ቢቀልጡ ኖሮ ይደባለቁ ነበር። እነዚህ አልቀለጡም። ትኩስ ውሃ ነው ተሸክሞ አምጥቶ እየለየ ያስቀመጣቸው።

እንዴት? አለችኝ። በእንጀራ አስረዳኋት። የዛሬ 1.1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እዚያ ምድር እንደ እኛ ስምጥ ሸለቆ መከፈት ጀምራ ነበር፣ ከዚያ ተወችው። በስንጥቁ ላቫ እየፈሰሰ ተነባበረ። ከ200 በላይ ንብብር ነው። አንዱ ላቫ እንደ አንድ እንጀራ ነው፤ አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ ዓይን የሚያወጣው ከላይ ነው፣ ሆዱ ድፍን ይሆናል። እንጀራው ሲደራረብ የታችኛው እየተቀበረ ሄደ፣ ጋለ። እዚያ ጥልቀት ላይ ያለው ትኩስ ውሃ መዳቡን ከባዝልቱ፣ ማለትም ከረጋው ላቫ፣ አጥቦ በስንጥቅ ወደ ላይ ወጣ። ድፍኑን አልፎ ዓይናማው ላይ ሲደርስ እንደ ወጥ ሰረገ። ዓይኑን ሞላው። ድኝ ስላልበዛበት መዳቡ ከሌላ ነገር ጋር ሳይጣመር ንጹሕ ብረት ሆኖ ቀረ። ከዚያች መሬት እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1968 ድረስ 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ መዳብ ወጥቷል።

ሳቀች። «ወጥ» አለች። ከዚያ ድንጋዩን እያየች፣

«እኛ አገርስ አለ?»

«የለም» አልኳት።

ይኸው ነው። ወዲያው ነው የመለስኩት። ጥያቄዋን እንኳ አልጨረሰችም መሰለኝ። «እሺ» አለችና ድንጋዩን ካነሳችበት ቦታ መልሳ አስቀመጠችው። አልወረወረችውም። አስቀመጠችው። እጇን በሱሪዋ ጠረገች። «ራበኝ» አለች።

ለምን «የለም» አልኩ?

አንድ ሰው አለ፣ ዳግላስ ሆተን። ሆተን ከተማ በስሙ ነው የተጠራችው። ስለዚያ አገር መዳብ በ1841 ሪፖርት የጻፈ ጂኦሎጂስት ነው። አለ ብሎ ጻፈ፣ ግን ባንድ ጊዜ ሀብታም እሆናለሁ ብላችሁ አትሩጡ ብሎም አስጠነቀቀ። ሰው «አለ» የምትለዋን ብቻ ሰማ። በ1842 የአገሩ ነባር ሕዝቦች ኦጂብዌዎቹ በስምምነት መሬቱን ለቀቁ፣ ከዚያ ጎረፉበት። ሆተን ራሱ በ1845 ጀልባው በማዕበል ተገልብጦ ሐይቁ ውስጥ ሰጠመ። 36 ዓመቱ ነበር። ደግሞ «አገኙ» ስንል... የጥንቶቹ ሰዎች መዳቡን ከሺህ ዓመታት በፊት ቆፍረውታል። ከኋላ የመጡት ፈላጊዎች የእነሱን ጉድጓድ ዱካ ተከትለው የደረሱበት ማዕድን አለ። እና «አለ» ማለት ቀላል ቃል አይደለም። የሰው ኑሮ ያናጋል። ምናልባት የሙያዬ ጥንቃቄ ነው፣ ለዚህ ነው... አይ። እንደሱ አይደለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት የጠየቀችኝ።

መልሱ ግማሹ ልክ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔም ማታ ማታ ለራሴ እንደዚያ እላለሁ። የእኛ ደጋ ባዝልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማው ነው፣ ለጋ ነው። ዓይኑን የሞላው በብዛት ዜኦላይትና ካልሲዶኒ የሚባሉ ማዕድናት ናቸው። እንደ ኪዊናው ጠልቆ ተቀብሮ አልበሰለም። ግን እሷ ስለ ባዝልት አልጠየቀችኝም። ትግራይ ውስጥም፣ አሶሳ በኩልም፣ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። የባሕር ወለል ላይ የፈላ ውሃ መዳብ፣ ዚንክ፣ ወርቅ፣ ብር ያስቀመጠበት ድንጋይ ነው። በዚያው የድንጋይ ቀበቶ ላይ፣ ኤርትራ ውስጥ፣ ቢሻ የሚባለው ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ መዳብ አምርቷል። ያንን ድንጋይ በእጄ ይዤዋለሁ። ላዩ ላይ አረንጓዴ ዝገቱን በጥፍሬ ፍቄያለሁ። አለ! አለ እኮ።

የፈራሁት ቀጣዩን ጥያቄ ይመስለኛል። «አለ» ብላት፣ «ታዲያ ለምን እዚህ መጣን?» ትለኛለች። ለዚህኛው በእንጀራ የማስረዳው ነገር የለኝም። ወይም ደክሞኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ነድቼ... አላውቅም። እናንተ ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ ምን ትላላችሁ? የምር ጻፉልኝ።

ወደ መኪናው ስትሄድ ተመልሼ አነሳሁት። አልነገርኳትም። ይኸው፣ ማይኩ አጠገብ ነው። ማታ ስትተኛ አውጥቼ አየዋለሁ። ቀዩ እንዳለ ነው። ነጩ ግን ጠቆር ያለ መሰለኝ። ብር አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ እሱን አውቃለሁ። ወይ ቀድሞም እንዲህ ነበር... በብርሃን አላየሁትም። ነገ ጠዋት መስኮቱ ጋ...