ሲደማ የሸሸሁት ድድ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጥርስ መቦረሽ ነው፤ በተለይም ለዓመታት በየቀኑ ስሠራው ስለኖርሁት አንድ ስሕተት።

በታችኛው መንጋጋዬ በስተግራ፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ድድ ብሩሽ በነካው ቁጥር ይደማ ነበር። የምተፋው አረፋ ቀላ ብሎ ሳየው ብሩሹ ያቆሰለኝ ስለመሰለኝ፣ ይረፍ ብዬ ያንን ስፍራ መዝለል ጀመርሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ከሄድሁ በኋላ ነው። ድዴ ይደማ የነበረው ስለተቦረሸ ሳይሆን፣ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ስስና ተጣባቂ ሽፋን ሳይጠረግ ስለሚሰነብት ነበር፤ ይህ ሽፋን ድዱን ያስቆጣዋል፣ የተቆጣ ድድም አብጦ በትንሽ ንክኪ ይደማል። እኔ ደም አይቼ በሸሸሁ ቁጥር ሽፋኑ እየወፈረ፣ ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን እየጠነከረ ሄዶ፣ በሐኪም መሣሪያ ካልተፋቀ በቀር የማይለቅ ድንጋይ ሆነ።

ብግነቱ ከድድ ካላለፈ ይድናል፤ ጥርስን የያዘው አጥንት መበላት ከጀመረ ግን የጠፋው በራሱ አይመለስም። እኔ ከዚያ ሳልደርስ ተርፌያለሁ። አሁን ለስላሳ ብሩሽ ይዤ፣ ጫፉን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብዬ፣ ሳልጫን በትንንሹ እያንቀሳቀስሁ በቀን 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም 2 ደቂቃ እቦርሻለሁ። (2 ደቂቃ በሰዓት ሲለካ እንዴት ረጅም እንደሆነ ያልሞከረ ሰው አያምንም።) ጥርሶች በሚነካኩበት ጎን ብሩሽ ስለማይገባ፣ ማታ ማታ የጥርስ ክር እያንዳንዱን ጥርስ አቅፎ ከድዱ ሥር እስኪደርስ ቀስ አድርጌ አወርደዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ነበረ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቆመ። ከዚያ በላይ የሚቀጥልበት ሰው ሐኪም ማየት አለበት። አጫሾች ደግሞ ድዳችን አይደማም ብለው ባይዘናጉ መልካም ነው፤ ትንባሆ ደሙን እየደበቀ ሕመሙ ከሥር ሊቀጥል ይችላልና።

ከቦረሽሁ በኋላም አፌን በውኃ መጉመጥመጥ ትቻለሁ፤ በጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የተባለው ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን ጥርስ ላይ መቆየት ይኖርበታል፣ ተፍቶ መተው ይበቃል። ጣፋጭን በተመለከተ ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል፤ ስኳር በቀመስን ቁጥር የሚፈጠረውን አሲድ ምራቅ አጥቦ እስኪያረጋጋው ጊዜ ይፈልጋልና፣ ቀኑን ሙሉ በየደቂቃው የምንጎነጨው ጣፋጭ መጠጥ ያንን ጊዜ ይነፍገዋል። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ፣ የማታውን መቦረሽ ከጠዋቱ አስበልጬ እጠብቀዋለሁ።

ብሩሼን አሁን የማስጀምረው ከዚያው ከግራው ጥግ ነው፤ ችኮላዬ ሁልጊዜ የሚበድለው መጨረሻ ላይ የሚደርሰውን ጥርስ ስለሆነ።