«በጽሁፍ ስጡኝ» እንበል

እንዴት አደራችሁ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ! ከአዘዞም ከማራኪም በጠዋት ተነስታችሁ፣ በዊልቸር ያን ሁሉ ዳገት ወጥታችሁ ለመጣችሁ፣ እየገፋችሁ ላመጣችኋቸው ልጆችም፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ዘንድሮ የአካል ጉዳተኞች መብት ስልጠናውን ከአዳራሽ አውጥተን እድር ላይ ወስደነዋል፣ እሁድ የእድሩ ገንዘብ ተሰብስቦ ሲያልቅ ነው የምንጀምረው፣ ለምን መሰላችሁ፣ አዳራሽ ስንጠራ የሚመጣው ያው እኛው ነን፣ ቤት የሚያከራየው፣ ሰው የሚቀጥረው፣ ልጁን ጓዳ የደበቀው ጎረቤት ግን ያለው እድር ላይ ነው። የህገ መንግስቱ አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በህግ ፊት እኩል ነው እንደሚል ብዙ ሰው ያውቃል፣ ችግሩ አይሆንም ሲባል ምን እንደሚል አያውቅም።

እኔ ራሴ የዛሬ አስራ ምናምን አመት የጽሁፍ ፈተና አልፌ ለኢንተርቪው ስገባ ክራንቼን አይተው «ስራው ደረጃ መውጣት አለበት፣ ይከብድሻል» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ፣ አስቡት፣ አመስግኜ! ያኔ እኮ የአካል ጉዳተኞች የስራ መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ወጥቷል፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ከስራ መከልከል አይቻልም፣ አሰሪው የስራ ቦታውን ማመቻቸት አለበት፣ ተበደልኩ ብሎ የከሰሰ ሰው ደግሞ የማስረዳት ሸክም የለበትም፣ ማህበርም ስለ አባሉ መክሰስ ይችላል ይላል፣ እኔ ግን አንዱንም አልሰማሁም ነበር፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ለዚህ ነው ስልጠናው ላይ አንድ ቃል ደጋግመን የምናስጠናው፣ «በጽሁፍ ስጡኝ» የሚለውን። አንዲት እናት መስማት የተሳነው ልጇን ትምህርት ቤት አልመዘግብ ብለዋት ስትመላለስ ከርማ እድር ላይ ሰማችን፣ የአንቀጹን ኮፒ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ሄደች፣ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እንግዲያው አንመዘግብም ብላችሁ ጻፉልኝ» አለቻቸው። ማን ይጻፍ? «እስኪ ነገ ነይ» አሏት፣ በነጋታው ተመዘገበ። ልጁ ዛሬ እዚሁ አለ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው።

ህንጻ ለአካል ጉዳተኛ ስለመመቸቱ የህንጻ አዋጁ የሚለውን ከሰአት ባለሙያው ያስረዱናል፣ እኔ አልነካውም።

አሁን ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ሁለት ሁለት ሆነን እንለማመዳለን፣ አንዱ አሰሪ ይሆናል አንዱ አመልካች፣ የምታፍሩ ካላችሁ እኔ ጋ ኑ፣ አብረን እንሞክረዋለን። በብሬል የተዘጋጀው አዋጅ በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚያችን በግራ በኩል ከፊት ናት። ጉባኤው ተከፍቷል!