ከአዋጁ በፊት ነፃ የወጡ ሰዎች

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንዴት አመሻችሁ።

እዚህ አምስተርዳም ብዙዎቻችን ከሱሪናም ሰዎች ጋር ጎረቤት ነን። በየዓመቱ ጁላይ 1 ኬቲ ኮቲን ሲያከብሩ ሙዚቃውን እንሰማለን፣ ምግቡንም እንቀምሳለን። የባርነት ማብቂያ በዓል መሆኑንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲያ ግን ብዙም አልጠየቅንም። ዛሬ ስለዚያ ላውራችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሱሪናም በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ ያለች ትንሽ አገር ናት። ነባር ሕዝቦቿ እያሉ እንግሊዞች በ1650ዎቹ የስኳር እርሻ ተከሉባት። በ1667 ሆላንዶች ነጠቋቸው። በዚያው ዓመት በብሬዳ ውል ሱሪናም ለሆላንድ፣ የዛሬዋ ኒው ዮርክ ደግሞ ለእንግሊዝ ቀሩ። ሰው ይህን እንደ ቀልድ ያወራዋል፤ ሆላንዶቹ ተሸወዱ ለማለት። ያኔ ግን ስኳር ትልቅ ገንዘብ ነበር።

በ1683 ቅኝ ግዛቷ የሦስት ባለድርሻዎች ንብረት ሆነች። አንዱ የምዕራብ ህንድ ኩባንያ፣ ሌላው አንድ የመኳንንት ቤተሰብ ነበር። ሦስተኛው የአምስተርዳም ከተማ ነው። አዎ፣ ይቺው የምንኖርባት።

ጠረፉ ረግረግ ነው። ቦዩን የቆፈረው፣ ጭቃውን በአካፋ ዝቆ ግድቡን የሠራው ከአፍሪካ ተግዞ የመጣ ሰው ነበር። ከስኳር ቀጥሎ ቡና መጣ። ከእኛ አገር የወጣው ተክል በየመንና በጃቫ ዞሮ እዚሁ አምስተርዳም ደረሰ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ወደ ሱሪናም ተሻገረ። እኛ ጎረቤት ጠርተን የምንጠጣውን ቡና እዚያ የሚለቅሙት በጅራፍ እየተገረፉ ነበር።

ታዲያ ሁሉም ዝም ብሎ አልተገዛም። ከእርሻው ጀርባ ትልቅ ጫካ አለ። ሰዎች እየሸሹ ገቡበት። ሴቶች የሩዝ ዘር በሹሩባቸው ውስጥ ደብቀው እንደወጡ ልጅ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ይተርካሉ። ከወንዞቹ ፏፏቴ ማዶ መንደር መሠረቱ፣ አረሱ። ማታ ወጥተው እርሻዎቹን ያጠቃሉ። መሣሪያ ይወስዳሉ፣ ዘመዶቻቸውን ያስመልጣሉ። መንግሥት ወታደር ይልካል፤ ወታደሩን በሽታውና ረግረጉ ይጨርሰዋል።

በመጨረሻ ገዢዎቹ ለድርድር ተቀመጡ። ጫካ ከገቡት ወገኖች በ1760 ከንዱካ ሕዝብ ጋር ተፈራረሙ፣ በ1762 ከሳማካ ጋር። ነፃነታቸውን አወቁላቸው። በየጊዜው ዕቃ ሊሰጧቸውም ተስማሙ። ውሉ መራራ ጎንም ነበረው፤ ከዚያ በኋላ የሚሸሽ ሰው ቢመጣባቸው አሳልፈው መስጠት ነበረባቸው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆንብኛል። ቦኒ የሚባለው መሪ ደግሞ ሰላም አላገኘም። በ1793 እስኪገደል ድረስ ተዋጋ።

ሆላንድ በሱሪናም ባርነትን የሻረችው በ1863 ነው። የንዱካዎቹ ውል ከተፈረመ ከመቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። እሱም ቢሆን ምን ዓይነት መሻር ነው? ለእያንዳንዱ ሰው 300 ጊልደር ካሳ ተከፈለ። የተከፈለው ለጌታው ነው። ነፃ ለወጣው ሰው ሰባራ ሳንቲም አልደረሰውም። እንዲያውም አብዛኞቹ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አሥር ዓመት እንዲሠሩ ተገደዱ። ቀኑ ጁላይ 1 ቢሆንም ብዙ ሰው በእርግጥ የተፈታው በ1873 ነው።

በዚያው ዓመት የኮንትራት ሠራተኞችን የጫነች የመጀመሪያዋ መርከብ ከህንድ ገባች። በ1890 ደግሞ ከጃቫ ማምጣት ተጀመረ። ከሱሪናም የመጣ ጎረቤታችሁ ህንዳዊ ወይም ኢንዶኔዥያዊ ቢመስላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አገሪቱ ነፃነቷን ያገኘችው ኅዳር ላይ፣ በ1975 ነው። ያኔ አካባቢ ከሕዝቧ ሲሶ ያህሉ ወደዚህ አገር መጣ። የኔዘርላንድ መንግሥት ስለ ባርነቱ ይቅርታ የጠየቀው በ2022 መጨረሻ ነው። ንጉሡም በቀጣዩ ጁላይ 1 እዚሁ ኦስተርፓርክ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። መንግሥት 200 ሚሊዮን ዩሮ መደብኩ ብሏል፤ ታሪኩን ለማሳወቅና ለመሰል ሥራዎች እንጂ ለየሰዉ ካሳ አይደለም። ጎረቤቶቻችን በዚህ ገና እየተከራከሩ ነው። ለበዓሉ ስትሄዱ ጠይቋቸው፤ ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል።

አመሰግናለሁ።