መድረሱን የሚጠይቅ ማሽን
(ደሴ ላይ ለኮምፒውተር ተማሪዎችና ለጥገና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ ድረስ መጥታችሁ በዚህ የጦሳ ብርድ አዳራሹን የሞላችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት አባቶቼ፣ ስለ ኮምፒውተር በሚነገርበት ስብሰባ ላይ ለምን እንደጠራኋችሁ ጥቂት ቆይቶ ይገባችኋል።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ቡናማ ማሽን ኮሞዶር 64 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበ የቤት ኮምፒውተር ነው። ማኅደረ ትውስታው 64 ኪሎባይት ብቻ በመሆኑ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አይገባበትም። ማሽኑ የአጎቴ ነበር። አጎቴ መምህር ነበሩ፤ በየሐድራው፣ በየዚክሩ ስብሰባ፣ የሰሙትን መንዙማ ማታ ማታ እየተቀመጡ በዚህ ይጽፉ ነበር። ማሽኑ የእኛ ፊደል ስላልነበረው ግጥሙን በላቲን ፊደል ነው ያሰፈሩት። እርሳቸው ሲያርፉ ማሽኑ፣ የዲስክ ማንበቢያውና አሥራ አንድ ዲስኮች እኔ ዘንድ ቀሩ።

ዲስኮቹ ዛሬም ይነበባሉ። ግጥሙ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ይታያል። ሆኖም ከዚያ የሚወጣበት መንገድ አልነበረም። ማሽኑ ተርሚናል የተባለ ፕሮግራም አለው፤ በገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ የሚጻፍለትን ያሳያል፣ የሚጻፍበትን ያስተላልፋል። ፋይል መስጠትና መቀበል ግን አያውቅም። በመጀመሪያ ያደረግሁት ቀላል ነገር ነበር፦ ፋይሉን ፊደል በፊደል እያነበበ ወደ ገመዱ የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም ጻፍሁ፤ በሌላው ጫፍ ያለው ኮምፒውተር የመጣለትን ይመዘግባል። ሠራ ብዬ ተደሰትሁ። ግጥሙን አትሜ መንዙማውን በቃላቸው ለሚያውቁ አንድ አባት ሳነብላቸው ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። እዚህ ላይ አንድ ስንኝ ጎድሏል አሉ።

ዲስኩን ባይ ስንኙ አለ። የጠፋው መንገድ ላይ ነው። አንዱ የሽቦ ጫፍ በደንብ አልተበየደም ነበር። ሽቦውን አስተካከልሁ፤ ጭንቀቴ ግን በዚያ አላበቃም። እኒያ አባት ባይኖሩስ? ላኪው ማሽን ልኮ ጨርሷል፤ ተቀባዩ የመጣለትን መዝግቧል፤ ሁለቱም ሥራቸውን እንደፈጸሙ ነው። በመካከላቸው ደረሰህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ውስጥ የፈቱ ሰው ዋርድ ክሪስቴንሰን ይባላሉ። በ2024 አርፈዋል። የፈጠሩት ሥርዓት በኋላ ኤክስሞደም ተባለ፤ ለማንም እንዲሆን በነፃ ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተሻሉ መጥተዋል፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ከርሚት አለ፣ ዚሞደምም አለ። ለትንሽ ማሽን ግን ይኸኛው ይበቃል። እኔ የጻፍሁት ክፍል አንድ ኪሎባይት እንኳ አይሞላም።

አሠራሩን በቁርኣን ቤት ላደጋችሁ ማስረዳት አይከብደኝም። ደረሳው ሎህ የምንላት የእንጨት ሰሌዳ አለችው። የዕለቱ ትምህርት በእርሷ ላይ ይጻፋል። ለሼኹ አሰምቶ ልክ ነው ካልተባለ በቀር ሎኋ አትታጠብም፤ አዲስም አይጻፍባትም። የኤክስሞደም ሎህ 128 ባይት ትይዛለች፤ በአንድ ጥቅል ሆና ትላካለች። ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው፤ የሚጻፈውም በስምንት ቢት፣ ማለትም በስምንት የ0 ወይም የ1 ምልክቶች ነው። መጀመሪያ የሚናገረው ተቀባዩ ነው፤ ሰሌዳዬን አጥቤ ተቀምጫለሁ እንደማለት፣ 21 ቁጥር ያለውን ባይት እየደጋገመ ይልካል። ላኪው መነሻ ምልክት፣ የጥቅሉን ቁጥር፣ ያንኑ ቁጥር ከ255 ተቀንሶ፣ 128ቱን ባይትና በመጨረሻ በአንድ ባይት የተወሰነ ድምራቸውን ይልካል። በድምሩ 132 ባይት ነው። ልዩነቱ እዚህ ልክነቱን የሚመረምረው ተቀባዩ ራሱ መሆኑ ነው፦ ይደምራል፣ ያስተያያል፤ ከተስማማ 6 ቁጥርን ይመልሳል፣ ደርሶኛል ማለት ነው። ካልተስማማ 21ን ይልካል፣ ድገምልኝ ማለት ነው። ድገምልኝ ማለት ነውር ያልሆነበት ሥርዓት ነው፤ ከሁሉ የምወድለት ይህን ነው።

የጥቅሉ ቁጥር ለምን አስፈለገ? ተቀባዩ ደርሶኛል ያለበት መልስ ራሱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ላኪው ያንኑ ጥቅል ይደግማል። ቁጥር ባይኖር አንዱ ስንኝ ሁለት ጊዜ ይጻፍ ነበር። ቁጥሩን ያየ ተቀባይ ግን ይህስ አለኝ ብሎ ይተወዋል፤ ደርሶኛልንም ይደግማል። ድምሩም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም። አንዱ ባይት በ1 ጨምሮ ሌላው በ1 ቢቀንስ ድምሩ አይለወጥም። ስለዚህ በኋላ ሲአርሲ የተባለ፣ የባይቶቹን ቅደም ተከተል ጭምር የሚመረምር የ16 ቢት ስሌት ተጨመረለት። አስቸጋሪ አይደለም፤ ጨምሩት።

አሁን የእኔን ስሕተት ልንገራችሁ። አባቶች ያረሙትን ግጥም ወደ አጎቴ ዲስክ መመለስ ፈለግሁ፤ ስለዚህ መቀበያውንም ጻፍሁ። ጥቅሉ ደርሶ ድምሩ ሲስማማ ወዲያው ደርሶኛል እንዲል፣ ከዚያም ወደ ዲስክ እንዲጽፍ አደረግሁት። በኮሞዶር 64 ከገመዱ የሚመጣውን እያንዳንዱን ቢት የሚቆጥር የተለየ ቺፕ የለም፤ ዋናው አንጎሉ ራሱ በሰዓት እየለካ ይቆጥራል። ያው አንጎል ከዲስክ ማንበቢያው ጋር ሲነጋገር ቆጠራው ይዛባል። እኔ ደርሶኛል በማለቴ ላኪው ቀጣዩን ጥቅል ጀምሯል፤ ማሽኔ ደግሞ ገና ዲስኩ ላይ ነው። ሦስት ሌሊት ገመድ ስፈትሽ አደርሁ። መፍትሔው ሁለት መስመሮችን ቦታ ማለዋወጥ ብቻ ነበር፦ መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ጻፍ፣ ከዚያ ደርሶኛል በል። ላኪው መልስ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ መጠበቁ የተፈጠረበት ጠባዩ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ፊደላችን ነው። የታረመው ግጥም በአማርኛ ፊደል ተጽፏል፤ ዩቲኤፍ 8 በተባለው፣ ፊደልን በቁጥር በሚጽፈው ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ሀ ማለት 225፣ 136፣ 128 ነው። ተርሚናሉ እንደ ድሮው በ7 ቢት ከሠራ ስምንተኛው ቢት ስለሚጣል ከእያንዳንዱ ላይ 128 ይቀነሳል፤ የሚቀረው 97፣ 8 እና 0 ይሆናል። 97 የላቲን ትንሿ ኤ ናት፤ 8 ወደ ኋላ ተመልሰህ አጥፋ የሚል ትእዛዝ ነው፤ 0 ምንም ነው። ሀ ብለን ልከን የተቀበልነው ባዶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ፋይል ሲተላለፍ መስመሩ 8 ቢት ይሁን፤ ተርሚናሉም ፊደል መቀየሩን ፈጽሞ ያቁም። 128 ለ3 ስለማይካፈል አንዳንዱ ፊደል በሁለት ጥቅሎች መካከል ተከፍሎ ይሄዳል፤ አትደንግጡ፣ ፋይሉ ሲጠናቀቅ ይገጥማል። ኮሞዶሩ ፊደላችንን ማሳየት ባይችልም በአደራ ማስቀመጥ ይችላል።

ለጥገና ባለሙያዎቹ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የዚህ ማሽን የኋላ መሰኪያ በ5 ቮልት ነው የሚሠራው። የድሮ ሞደም ገመድ በቀጥታ ሰክታችሁ እንዳታቃጥሉት፤ መካከሉ ላይ የቮልት መለወጫ ይግባ።

እስካሁን ዘጠኝ ዲስኮች ወጥተዋል። ፍጥነቱ በሰከንድ 1200 ቢት ስለሆነ አንድ ሙሉ ዲስክ፣ የመልሱ ጊዜ ሳይታሰብ፣ ሃያ አራት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አሥረኛውን ለዛሬ አቆይቼዋለሁ። አባቶቼ፣ ጽሑፉ እንደወጣ ተማሪዎቹ ያነቡላችኋል፤ የጎደለ ወይም የተዛባ ስንኝ ካለ አስቁሙን። ከፊት ያለኸው ልጅ፣ እባክህ ያንን ገመድ አቀብለኝ።