«የፌስቡክ ክስ ገንዘብ» ደርሶኛል፣ ልሙላው? የአድማጮች ጥያቄና የጠበቃው መልስ

በዚህ ሳምንት ከደወላችሁት አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ አሜሪካ ውስጥ በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ስለቀረበው የሞኖፖሊ፣ ማለትም ገበያን ጠቅልሎ የመያዝ፣ ክስ ነው። የአየር ሰዓቱ ያልበቃቸውንም ጨምሬ እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ከፌስቡክ ሊነጠሉ ነው ተብሎ ነበር። የት ደረሰ?

ሜታ አሸነፈ። የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ የሆነው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ክሱን የመሠረተው በዲሴምበር 2020 ነው። ሜታ ኢንስታግራምን በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር፣ ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ተፎካካሪ እንዳይነሳበት ነው ይል ነበር ኮሚሽኑ። ዳኛ ጄምስ ቦዝበርግ በኖቬምበር 2025 ለሜታ ፈረዱ።

የሜታ አለቃ ዙከርበርግ ራሱ «ከመወዳደር መግዛት ይሻላል» ብሎ ጽፎ የለም እንዴ? እንዴት ይረታል?

ጽፏል፣ በ2008 በላከው ኢሜይል። ችሎት ላይም ቀርቦበታል። ዳኛው ግን ያኔ ምን ታሰበ ብቻ ብለው አልቆሙም፤ ሜታ ዛሬ ገበያውን ጠቅልሎ ይዟል ወይ ብለው ጠየቁ። ኮሚሽኑ ተፎካካሪ ብሎ የቆጠረው ስናፕቻትንና ሚዊ የምትባል ትንሽ መተግበሪያን ነው። ቲክቶክንና ዩቲዩብን አላስገባም። ዳኛው ይህን አልተቀበሉም፤ እነሱ ሲቆጠሩ ሜታ ገበያውን ጠቅልሎ አልያዘም አሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ2012 የኢንስታግራምን ግዢ መርምሮ ያሳለፈው ይኸው ኮሚሽን ነው። የሚከለከል ነገር በጊዜው ካልተከለከለ፣ ከዓመታት በኋላ ማፍረስ በጣም ከባድ ነው።

በቴሌግራም «ከፌስቡክ ክስ ድርሻዎን ይውሰዱ» የሚል ሊንክ መጣልኝ። ሶሻል ሴኪዩሪቲ (የአሜሪካ መለያ) ቁጥሬንና ለማስፈጸሚያ ትንሽ ክፍያ ይጠይቃል። ልሙላ?

እናቴ፣ አይሙሉ! ሊንኩን አይንኩ። ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልናገር።

የኮሚሽኑ ክስ ሜታ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን እንዲሸጥ የሚጠይቅ እንጂ ለእኔና ለእርስዎ ካሳ የሚጠይቅ አልነበረም። ደግሞም ተሸንፏል። ከተሸነፈ ክስ ድርሻ የሚያካፍል ማን ነው?

ሰው የሚያምታታው ሌላ ጉዳይ ስላለ ነው። ፌስቡክ የሰዎችን መረጃ አሳልፎ ሰጥቷል በሚል የቀረበ የጋራ ክስ ነበር፤ በ725 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። እሱ እውነተኛ ነው። የሚመለከተው ግን ከሜይ 2007 እስከ ዲሴምበር 2022 ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሆነው ፌስቡክ የተጠቀሙ ሰዎችን ነው። ማመልከቻውም ኦገስት 25 ቀን 2023 ተዘግቷል። ዛሬ «ፎርም ልሙላልህ» የሚል ሰው የተዘጋ በር እየሸጠ ነው።

ከስምምነት ገንዘብ ለመቀበል ቀድሞ ክፍያ አይጠየቅም። በፍጹም። የሚጠይቅ ካለ ሌባ ነው፤ የእድራችሁ ሰው ቢሆን፣ በአማርኛ አሳምሮ ቢያወራ፣ የቤተ ክርስቲያን ግሩፕ ላይ ቢለጥፈውም እንኳ። ለዘመድ ሊንኩን ፎርዋርድ ማድረግም ዘመድን አሳልፎ መስጠት ነው። ቁጥራችሁን ከሰጣችሁ በስማችሁ ብድር ሊወጣ ይችላል። አስቀድሞ የሞላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ባንካችሁን አናግሩ፣ የብድር ታሪክ በሚመዘግቡት በሦስቱም የክሬዲት ቢሮዎች፣ በስማችሁ አዲስ ብድር እንዳይወጣ ክሬዲታችሁን አዘጉ። ማዘጋቱ በነጻ ነው።

አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ከ725 ሚሊዮኑ ይደርሰኛል?

አይደርስህም ልጄ። ሊንኩንም አትንካ።

ናይሮቢ ያለው የሜታ ክስስ ያው ነው?

አይደለም። እሱ የሞኖፖሊ ጉዳይ አይደለም። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ የጥላቻ ጽሑፎች በፌስቡክ መሰራጨታቸውን የሚመለከት ነው፤ የቀረበው በዲሴምበር 2022 ነው። በኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። በእሱም ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ከመጣባችሁ መልሱ ያው ነው፦ አትክፈሉ።

የሱቄን ገጽ ፌስቡክ ዘጋብኝ። ደንበኞቼ በሙሉ እዚያ ነበሩ። በሞኖፖሊ ልክሰሰው?

ሕመምህ ይገባኛል፤ እንጀራህ ነው። ግን የአንድ ገጽ መዘጋት ብቻውን የሞኖፖሊ ክስ አይሆንም። መጀመሪያ በራሱ በፌስቡክ በኩል ይግባኝ በል። «በገንዘብ አስከፍትልሃለሁ» ለሚልህ ሰው ፓስወርድ አትስጥ። የደረሱህን መልእክቶችና የማስታወቂያ ደረሰኞችህን በሙሉ አስቀምጥ። ከዚያ ይዘሃቸው በምትኖርበት ስቴት ፈቃድ ያለው የንግድ ጠበቃ ጋ ሂድ። ሰነድህን ሳላይ በሬዲዮ ክሰስ ወይም አትክሰስ ልልህ አልችልም።